የማንሺያው የገለባ ዋልያ

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱን ያልረሳሁት ማዳም ቅዳሜ ቅዳሜ ከአራት ሰዓት በፊት ስለማትነሣ ነው። እስክትነሣ ድረስ እማዬም እኔም በግቢው ውስጥ ጫማችንን አውልቀን ነበር የምንሄደው። የዚያን ቀን ግን ቶቧን ተከናንባ ብቅ አለችና በወጥ ቤቱ መስኮት ጠራችኝ።

«ያ ቢት! አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ፣ ለሽማግሌው አንድ ነገር ትነግሪልኛለሽ።»

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አሁን ይህን የሚያስጽፈኝ ባለፈው ሰሞን ዝናብ በመታው የገለባ ክምር አጠገብ ማለፌ ነው። ገለባ ረጥቦ ሲሰነብት የራሱ ሽታ አለው፤ ጠላ ጠላ ይላል፣ በረት በረት ይላል። ሌላ ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔ ቆሜ ጥርሴን ነከስኩ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላም ቁጣው እንዳለ ነበር፣ እንደ እርጥብ ገለባ ውስጥ ውስጡን ሲሞቅ የከረመ።

እማዬ ካርቱም፣ ማንሺያ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከዓባይ ብዙም በማይርቅ አንድ ትልቅ ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች። የምንኖረው አርካዊት የሚባል ሌላ ሰፈር ነው። ትምህርት ሲዘጋ የምታስቀምጠኝ ቦታ ስለሌላት ይዛኝ ትሄዳለች። የቤቱ ዘበኛ ጋሽ ደምሴ ይባላል፤ የስሜን ሰው ነው፣ ከደባርቅ ወዲያ። ሱዳን የገባው እኔ ሳልወለድ ነው። ዐረብኛው ግን የበር ዐረብኛ ነበር፤ ክፈት፣ ዝጋ፣ የለችም፣ ነገ ና። ማዳም «ይህን ሁሉ ዓመት ኖሮ ቋንቋ ያልገባው» እያለች ለእንግዶቿ ትስቅበት ነበር። ማን አነጋግሮት ይግባው? ቀኑን ሙሉ በር ላይ የተቀመጠን ሰው ከ«ክፈት» ሌላ ምን ብለውት ያውቃሉ?

እኔ ተቃራኒው ነበርኩ። ዐረብኛውን የተማርኩት መንገድ ላይ ነው፣ እንደ ማንኛዋም የአርካዊት ልጅ። አማርኛዬ ግን የወጥ ቤት አማርኛ ነው፤ እማዬ ስትቆጣና ስታባብል የምትናገረው ብቻ። በሁለቱም ቋንቋ ዓይን አፋር ነበርኩ። ትልቅ ሰው ሲያየኝ አንገቴ ይግላል።

ከማዳም ጋር ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው መሐንዲስ ቆሟል። ሰው ሁሉ «ባሽሙሐንዲስ» ነበር የሚለው፤ እኔም ሌላ ስም አላውቅለትም። የሰፈሩ ኮሚቴ አንድ ነገር አስቦ ኖሯል። ሰው ዓርብ ዓርብ አመሻሹ ላይ በሚንሸራሸርበት የወንዝ ዳር መንገድ፣ ከገለባ የተሠሩ ግዙፍ እንስሳት በረድፍ ሊቆሙ ነው። ሁሉም ከሱዳን ምድር ለመጥፋት የተቃረቡ ናቸው፤ ነጭ አውራሪስ፣ ቀጭኔ፣ ሳላ፣ ሰጎን፣ ሌሎችም። እያንዳንዱ ጎዳና አንድ እንስሳ ይሠራል። ለኛ ጎዳና የደረሰው የቀይ ባሕር ተራሮች የዱር ፍየል ነበር።

«ያንን ጥላ የሠራው እሱ ነው አይደል?» አለኝ ባሽሙሐንዲሱ፣ ጋሽ ደምሴ ከፀሐይ የሚጠለልበትን ራኩባ እያሳየኝ። ሌሎቹ ዘበኞች ራኩባቸው ላይ ሣር ጣል አድርገውበት ነው የሚኖሩት። የጋሽ ደምሴ ግን የተበጠረ ፀጉር ይመስላል፤ መንገደኛ ቆሞ ያየዋል። «ጠይቂው፣ እንስሳ መሥራት ይችላል?»

ጋሽ ደምሴ ባሽሙሐንዲሱ የዘረጋለትን የእንስሳውን ሥዕል ተቀበለና አራቀው፣ ደግሞ አቀረበው።

«ዋልያ!» አለ። «ዋልያ እኮ ነው፣ ትርሲት!»

ነገርኩት። «አይደለም» አለ ባሽሙሐንዲሱ። «ይሄ የኛ ነው፤ የሱዳን።»

«እንግዲያው የአጎቱ ልጅ ነው በዪው።»

ባሽሙሐንዲሱ ሳቀ፣ ማዳምም ሳቀች። ጋሽ ደምሴ ግን አልቀለደም። ባገሩ ሣር ቤት ከዳኝ ነበር፤ ከሱ በፊት አባቱም። ሥዕሉን ይዞ ሲቀመጥ ደጋግሞ ያጥፈውና ይዘረጋው ነበር። እኔ የፈራ መሰለኝ። ደስታ እንደሆነ የገባኝ ገለባው መጥቶ ሥራውን ሲጀምር ነው።

ያን ጊዜ የተሳሳትኩት በዚህ ብቻ አይደለም። ሥዕሉ ላይ ከእንስሳው አጠገብ አንድ ሰው ተሥሏል፤ የሰውየው ራስ የሚደርሰው እስከ እንስሳው ጉልበት ነው። ስለዚህ እውነተኛው የዱር ፍየልም ቤት የሚያክል መሰለኝ። ቤት የሚያክል ነገር እንዴት ሊጠፋ እንደሚችል ሳስብ ስንት ቀን ተጨነቅኩ። ተሸሽጎ ነው? ማንስ ይሸሽገዋል? እማዬን ብጠይቃት «ሥራዬን ልሥራበት» አለችኝ።

የብየዳ ሠራተኞች የብረት አጥንቱን ሠርተው ከበራችን ፊት ለፊት፣ ወንዙ ዳር ባለው ባዶ ቦታ አቆሙት። ቀንዶቹ ወደ ኋላ ታጥፈው ከመብራት ምሰሶው ይተካከሉ ነበር። ገለባው በጭነት መኪና መጣ። ጋሽ ደምሴ አንዲት ዘለላ መዘዘ፣ አጠፋት፣ ነከሳት።

«ሰንበሌጥ አይደለም» አለ። «የስንዴ ነው፤ ሰነፍ ነው። ግን ካከበሩት ይሠራል።»

ከሚያዝያ ጀምሮ ሙቀቱ ጆሮ የሚያጮህ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ጋሽ ደምሴ ገለባውን አራግፎ ጫፉን ካንድ ወገን ያስተካክልና ነዶ ያስራል። እኔ ሲባጎውን እይዛለሁ። የገለባው ብናኝ አንገቴ ሥር ገብቶ ይበላኛል፤ እማዬ ማታ ማታ በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርግልኝ ትራገማለች። እሱ ግን ብረት ላይ ወጥቶ ሲያስር ቋንቋው ይፈታል። ማገር ምን እንደሆነ፣ ወራጅ ምን እንደሆነ፣ ጉልላት ለምን እንደሚደፋ እዚያ ነው የሰማሁት። እማዬ አንዱንም ቃል አልነገረችኝም ነበር።

በሱዳን ዐረብኛ ገለባ «ገሽ» ነው የሚባለው። «ጋሽ ደምሴ» ብዬ ስጠራው የሰሙት የብየዳ ሠራተኞች «ዐም ገሽ» አሉት፣ አጎት ገለባ። ሰፈሩ ሁሉ ተቀበላቸው። ባለመኪናዎቹ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው «ዐም ገሽ! እሳት እንዳይነካህ!» ይሉትና ይስቃሉ። እሱም አብሮ ይስቃል።

«ምን አሉ?» ይለኛል።

«ጎበዝ ነው አሉ።»

መጀመሪያ የዋሸሁት ያኔ ነው።

የሌሎቹን ጎዳናዎች ሥራ እየዞርኩ አይ ነበር። አውራሪሱን የሠሩት የሁለት ቤት ዘበኞች ናቸው። ሰጎኗን የሠሩት ሦስት የኛ አገር ሴቶች፣ የየማዳሞቻቸውን ልብስ አጥበው ሲጨርሱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ላይ። ቀጭኔውን አንድ የኑባ ሽማግሌ አትክልተኛ ብቻውን። ነዋሪዎቹ አመሻሹ ላይ ወጥተው ከየእንስሳው ጎን ፎቶ ይነሡ ነበር። አንዷ ሴትዮ ገለባ እጇ ላይ ይዛ፣ የምታስር መስላ፣ ሦስት ጊዜ ስትነሣ አይቻለሁ። ከዚያ እጇን አራገፈችና ሠራተኛዋ ፎጣ እንድታመጣላት ጠራች።

አንዱ እግር ተከድኖ ባለቀ ቀን ጋሽ ደምሴ ኢብሪቁን፣ የመታጠቢያ ማንቆርቆሪያውን፣ ውኃ ሞልቶ መሰላል ላይ ወጣ። ከጭኑ ጀምሮ ቀስ እያለ አፈሰሰበት። ሦስት ጊዜ። እኔ ክርስትና የሚያነሣው መሰለኝ። ቤተ ክርስቲያን ሕፃን ሲጠመቅ አይቻለሁ፤ ሦስት ጊዜ ነው። እስላም ሰፈር መሃል ይህን ማድረጉ አስደነገጠኝና ግራ ቀኝ አየሁ።

«ስሙ ማን ተባለ?» አልኩት ድምፄን ቀንሼ።

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው መሰላሉን ተደግፎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ክርስትና አይደለም፣ ልጄ። ነይ፣ እጅሽን አስገቢ።»

እጄን እስከ ክርኔ በገለባው መሃል አስገባሁ። ውጪው እየተንጠባጠበ ውስጡ ደረቅ አቧራ ነበር።

«አየሽ? ክዳን ከእግር ነው የሚጀመረው። ታችኛውን የላይኛው ይደርበዋል፣ እሱን ደግሞ ከሱ በላይ ያለው። ውኃ ሲመጣ አንዱ ለአንዱ እያቀበለ መሬት ያደርሰዋል። ከላይ ጀምረሽ ከወረድሽ ግን እያንዳንዱ ነዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ይጠጣል። የጠጣ ገለባ ደግሞ ድንጋይ ነው።»

ባገሩ ቤት ከድኖ ሲጨርስ ባለቤቱን ውስጥ አስቀምጦ ከላይ ውኃ ያፈስ ነበር። አንዲት ጠብታ ከወረደች ሣሩን ነቅሎ እንደገና ይጀምራል። እንደገና የጀመረበት ቀን እንደሌለም ነገረኝ፤ ይህን ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ኩራተኛ ሆኖ አየሁት።

ሁለተኛው እግር እንዳለቀ ባሽሙሐንዲሱ እየተቻኮለ መጣ። በሳምንቱ ትልልቅ እንግዶች ፎቶ አንሺ ይዘው ሊጎበኙ ነው። ሌሎቹ እንስሳት ደርሰዋል፤ የኛ ከእግሩ በላይ ብረት ነው።

«ንገሪው» አለኝ። ሲናገር የሚያየው እኔን ነው። ጋሽ ደምሴ አጠገቡ ቆሞ እንኳ ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። «እግሩን ይተወው። ከጀርባውና ከአንገቱ ይጀምርና ወደ ታች ይውረድ። ከመንገዱ የሚታየው እሱ ነው።»

ነገርኩት። ጋሽ ደምሴ ፊቱ ጠቆረ።

«ይቀልዳል?»

«አይቀልድም።»

«እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ። ክዳን ከላይ አይጀመርም። ዝናብ የመጣ ቀን ጀርባው ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ አንገቱ አይችለውም፣ ይወድቃል። ሰው ላይም ሊወድቅ ይችላል። ለፎቶ ብሎ ይህን የሚያዝ ሰው መሐንዲስ አይደለም፤ ፎቶ አንሺ ነው በዪው። እኔ በስሜ አልሠራውም።»

ባሽሙሐንዲሱ ሰዓቱን እያየ ይጠብቀኛል። ከኋላው ማዳም አለች። ከማዳም ኋላ፣ በወጥ ቤቱ መስኮት፣ እማዬ በዓይኗ «አፍሽን ያዢ» ትለኛለች። ቃል አጥቼ አልነበረም። ማገርና ነዶ በዐረብኛ ምን እንደሚባሉ አላውቅም ነበር እያልኩ ለራሴ ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ። ውሸት ነው። «ይወድቃል» የሚለውን ቃል የሦስት ዓመት ልጅም ያውቀዋል።

«ሐዲር፣ ይላል» አልኩት። እሺ ይላል ማለት ነው።

«ይህን ሁሉ አውርቶ እሺ ብቻ?»

«ትንሽ ከባድ ነው፣ ግን እሺ ይላል። ኢንሻአላህ።»

«አላህ ይባርከው በዪው።»

ጋሽ ደምሴ ወደኔ ዞረ። «ምን አለ?»

እዚህ ላይ ዝም ብል እንኳ ይሻል ነበር። እኔ ግን ፊቱን አየሁት፣ ሊጣላ ነው፣ ሰው ሁሉ ሊያየን ነው። ጠቡ እንዳይመጣ ብዬ ከራሴ ፈጥሬ ተናገርኩ።

«ሰምቻለሁ ይላል። የመጣው ቢመጣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ፣ ብቻ እንዳልኩት ሥራልኝ ይላል።»

ጋሽ ደምሴ ባሽሙሐንዲሱን ለረጅም ጊዜ አየው። ባሽሙሐንዲሱ ፈገግ ብሎ አውራ ጣቱን አነሣለት።

«ይህን ካለ ወንድ ነው» አለ ጋሽ ደምሴ። እጁን ዘርግቶ ጨበጠው። በኔ ውሸት ሁለቱ ተከባበሩ።

በራሴ መቆጣት ሲሰለቸኝ በነሱ እቆጣለሁ። ሁለት ሽበታም ሰዎች ቤት የሚያክል ነገር ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ሲያቆሙ በመካከላቸው የነበረው የአንዲት ልጅ ምላስ ብቻ ነው። እኔ ስናገር ጣቶቼን እንደምጠመዝዝ ማንም አላየም? ካርቱም ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ትልቅ ሰው ጠፍቶ ነው? አልጠፋም፤ አልተፈለገም። ለዘበኛ ቃል ልጅ ትበቃለች።

ጋሽ ደምሴ ከላይ ወደ ታች ከደነው። ሲሠራ ማውራቱን ተወ። ጀርባው ወርቅ መሰለ፣ ጢሙ ሳይቀር ወጣለት፤ ያ ጢም የስሜን ዋልያ ጢም እንጂ የሥዕሉ አልነበረም፣ ባሽሙሐንዲሱ ግን አላወቀበትም። እንግዶቹ መጡ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ። እግሮቹ እስኪያልቁ ሐምሌ ገባ። ከዚያ ሰሌዳ ተተከለ። ጋሽ ደምሴ እንዳነብለት ጠራኝ።

«የማን ስም አለበት?»

«የእንስሳው። ከታች ደግሞ ‹ይህን የሠሩት የጎዳናው ነዋሪዎች ናቸው› ይላል።»

ትንሽ አሰበ። «ይሁን። እኔም እዚሁ ነው የምኖር» አለ።

እውነቱን ነው። ማዳም ለወራት ካይሮ ትሄዳለች፣ ባሽሙሐንዲሱ ዱባይ ይመላለሳል። በዚያ ጎዳና ቀንም ሌትም የሚኖር ቢኖር እሱ ነበር።

የምረቃው በዓል ለሐሙስ አመሻሽ ተቀጠረ። ማክሰኞ ሃቡብ ተነሣ፤ ሰማዩ ጡብ መሰለ፣ አፋችን ውስጥ አሸዋ ተንቀጫቀጨ። ከአሸዋው በኋላ ዝናቡ መጣ። ረቡዕም ዘነበ። ሐሙስ ጠዋት ፀሐይ ወጥቶ ከእንስሳቱ ሁሉ እንፋሎት ይነሣ ነበር። ሽታውን መጀመሪያ የሸተትኩት ያኔ ነው። ጋሽ ደምሴ በሩን ትቶ ከዋልያው ሥር ቆሞ ወደ ላይ ያያል። ጀርባው ጠቁሯል። መሰላል ላይ ወጥቶ እጁን ወደ ዋልያው ሆድ ሰደደና አወጣው፤ ከጣቶቹ ቡናማ ውኃ ይወርዳል።

«ትርሲት፣ ባሽሙሐንዲሱን ጥሪልኝ። በዓሉ ይቅር በዪው። ወንበሮቹን ያንሡ።»

የባሽሙሐንዲሱን በር አንኳኳሁ። በሥራ ተወጥሮ ነበር፤ ስልክ በጆሮው፣ ሌላ ስልክ በእጁ። «እ?» አለኝ በቅንድቡ። «ጋሽ ደምሴ... ሰላም ብሏል» አልኩት። ተመልሼ «እመጣለሁ ብሏል» አልኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ወንበር ይደረደር ነበር። እማዬን እንድታግዝ አውጥተዋት ሦስተኛውን ረድፍ በጨርቅ ትወለውላለች። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም። የዋልያው አንገት ቀስ ብሎ አጎነበሰ፣ ከወንዙ ውኃ ሊጠጣ እንደሚያጎነብስ። ከዚያ ብየዳው ጮኸ። ራሱ ከነቀንዱ ፊተኛው ረድፍ ላይ ወደቀና ወንበሮቹን ጨፈለቃቸው። እማዬ ጨርቁን እንደያዘች በገለባ ጭቃ ተሸፍና ቆማለች። ምንም አልሆነችም። ሁለት ረድፍ ነው ያተረፋት።

ሰው ተሰበሰበ። ባሽሙሐንዲሱ ነጭ ልብሱን ለብሶ እየሮጠ መጣና ጋሽ ደምሴ ላይ በጣቱ ጠቆመ። «ጠይቄው ነበር! እችላለሁ አለ! ሐዲር አለኝ!»

ጋሽ ደምሴ ይህችን ሰማ። «ሐዲር» የምትለዋን ቃል ያውቃታል።

«እኔ? መቼ? ዝናብ ከመጣ ይወድቃል አላልኩም? ኃላፊነቱን እወስዳለሁ አላለም? ትርሲት፣ ንገሪያቸው!»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። አንገቴ ጋለ። ወደ እማዬ አየሁ።

«ነግረሽው ነበር አይደል?» አለኝ ጋሽ ደምሴ፣ ዝቅ ብሎ።

«አዎ» አልኩት።

ቀና አለና ባሽሙሐንዲሱን በሰው ፊት «ከዳብ!» አለው። ውሸታም። ያንን ቃል ማን እንዳስተማረው አላውቅም። ሰው ሁሉ «ላ ሐውለ» አለ፣ ጉድ ነው እንደ ማለት፤ ዘበኛ ባሽሙሐንዲስን ውሸታም አለ። ማዳም ፊቷ ቀላ።

«ነገ ጠዋት ዕቃውን ይዞ ከቤቴ ይውጣ። ንገሪው!»

ነገርኩት። በዚያ ሁሉ ወራት አንዲት ቃል ሳላጎድል የተረጎምኩት ያንን ብቻ ነው።

የጋሽ ደምሴ ኢቃማ በማዳም ስም የወጣ ነበር። ከሷ ቤት ከወጣ መኖሪያ ወረቀቱ ይቋረጣል፤ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ደግሞ ፖሊስ ከሻ በሚባለው አፈሳ ይዞ፣ አስሮ፣ ድንበር ያደርሰዋል። ይህን በአሥራ አንድ ዓመቴም አውቅ ነበር። ሐበሻ የሆነ የካርቱም ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

በሐፍላው፣ በትንሿ አውቶቡስ፣ ወደ አርካዊት ስንመለስ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ፀጉሯ ውስጥ ገለባ ነበር። መስኮቱን እያየች ሰማችኝ።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለች።

«ጋሽ ደምሴ ግን...»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ልጅሽ ናት ያጠፋችው ብለው እኔንም ያባርሩኛል። ነገ ቤት ትውያለሽ።»

«አንቺ ላይ ሊወድቅ ነበር እኮ!»

«አልወደቀም» አለች። «አልወደቀም፣ በቃ።»

ያን ያህል ተቆጥቻት አላውቅም። ይህን ስጽፍም ያ ቁጣ አልበረደልኝም፣ ፍርሃቷ ቢገባኝም።

በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ከእማዬ ቀድሜ ተነሣሁና ጫማዬን አድርጌ በሩ ላይ ቆምኩ። አየችኝ። እሺም እምቢም አላለች። ሐፍላው ላይ ገንዘብ ተቀባዩ ኩምሳሪ ስንት ናችሁ ሲላት «ሁለት» አለችው።

ጋሽ ደምሴ በሩ ጋ ተቀምጧል። ዕቃው አንድ ሻንጣና አንድ የታሰረ ብርድ ልብስ ነው። ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«አልነገርኩትም» አልኩት።

«ምኑን?»

«ምንም። ይወድቃል ያልከውን አልነገርኩትም። እሺ ይላል ነው ያልኩት። ኃላፊነቱን እወስዳለሁም አላለም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። ትናንትም አልጠራሁትም። ‹ዐም ገሽ› ሲሉህም ጎበዝ ማለታቸው አይደለም።»

የመጨረሻውን ለምን እንደጨመርኩ አላውቅም። ጋሽ ደምሴ ብርድ ልብሱ የታሰረበትን ገመድ ጨበጠ። ሊመታኝ መሰለኝ፤ ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ሰውየውን በሰው ፊት ውሸታም አልኩት» አለ በመጨረሻ። «ስለማያውቀው ነገር።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ? እዚያ ግቢ እንጂ!»

ማዳም በረንዳ ላይ ሻይ ትጠጣ ነበር። ሳልጠራ ፊቷ ቆሜ አላውቅም። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ እግሩን፣ ኢብሪቁን፣ ሐዲርን፣ ኃላፊነቱን። እማዬ በወጥ ቤቱ በር ላይ አፏን በእጇ ይዛለች። ማዳም አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ስልኳን አንሥታ ባሽሙሐንዲሱን ጠራችው፤ ጀለቢያ ለብሶ፣ መፋቂያ በአፉ፣ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ለሱም ደግሜ ነገርኩት። ጋሽ ደምሴንም አስገቡት።

«ጥፋቱ የልጅቷ ነው እንግዲህ» አለ ባሽሙሐንዲሱ። የቀለለው ይመስል ነበር። «ይሁን። ግን በሰው ፊት ሰድቦኛል፤ ይቅርታ ይጠይቀኝ። ንገሪው።»

ነገርኩት። ጋሽ ደምሴ ሲመልስ እኔን አላየም። ባሽሙሐንዲሱን እያየ በአማርኛ ተናገረ። እኔ ተከትዬ በዐረብኛ አልኩ፤ ጣቶቼን ከኋላዬ ይዤ።

«ውሸታም ላልኩህ ይቅርታ፤ ያላልከውን ነው የጫንኩብህ። አሁን የኔን ስማ። ሦስት ወር ሙሉ አጠገቤ ቆመህ ፊቴን አላየህም። ብታየኝ ኖሮ እሺ እንዳላልኩ ያለ ቋንቋ ይገባህ ነበር። ጥፋቱን ልጅ ላይ አትጣል። ከላይ ጀምር ያልከው አንተ ነህ፤ ክዳን ከላይ የሚጀምር ሰው ደግሞ መሐንዲስ አይደለም፣ ፎቶ አንሺ ነው። ያቺ ሴት ሞታ ቢሆን ሰሌዳው ላይ የማንን ስም ትጽፍ ነበር?»

ማዳም እማዬን አየቻት፤ ያቺ ሴት የተባለችው እሷ መሆኗ የገባት ያኔ ይመስለኛል። ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ዕቃውን ወደ ክፍሉ ይመልስ» አለች።

ለጋሽ ደምሴ ነገርኩት። ባሽሙሐንዲሱ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ወደኔ ጎንበስ አለ።

«እውነት እንደዚህ ብሎ ነው» አለኝ፣ «ወይስ አንቺ ጨምረሽበት?»

«አልጨመርኩም» አልኩት። ምናልባት አልሰማኝም ይሆናል ብዬ የጋሽ ደምሴን ቃል ከመጀመሪያው ጀመርኩለት፣ አሁን ጮክ ብዬ።